ከመቱ ወደ ጎሬ በእግር፦ የአንድ ቀን ዳገት

ተራራ መውጣት ለገበሬ ብርቅ አይደለም። የጠፋ በሬ ፍለጋ ይወጣል። ቀፎ ሊሰቅል ይወጣል። ለቅሶ ሊደርስ፣ ገበያ ሊሻገር ይወጣል። ዳገቱን ሲጨርስ ወገቡን ይዞ «እፎይ» ይላል እንጂ «ስንት ሜትር ወጣሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ አምስት ተማሪዎችና አንድ ገበሬ፣ ያለ ምንም ጉዳይ፣ ከመቱ ተነስተው በእግራቸው ጎሬ ወጡ ብንላችሁ ብዙዎቻችሁ እንደምትስቁ እናውቃለን። በመንገድ ያገኘናቸውም ስቀዋል። አንድ አዛውንት «ልጆች፣ ምን ጠፋባችሁ?» ብለው ጠየቁን።

«ምንም አልጠፋብንም፣ አባባ። ዳገቱን ልናይ ነው» አልናቸው።

«ዳገቱማ እዚያው ነው። የት ይሄድባችኋል?» አሉና ከብቶቻቸውን እየነዱ አለፉ።

እውነታቸውን ነው። ዳገቱ የትም አይሄድም። ግን ሲጠየቅ ብዙ ነገር ይናገራል። ጎሬ ከመቱ ለምን ይበርዳል? በኢሉባቦር ዝናብ ለምን ይበዛል? የሶር ውሃ ወዴት ይሄዳል? የቀድሞ ሰዎች ቡናቸውን በየት አድርገው ውጭ አገር ይልኩ ነበር? መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያንጎላጅ ሰው ይህ ሁሉ አይመጣበትም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን በየማረፊያው ይመጣበታል።

12 ባሕር ዛፍ

መጀመሪያ አንድ ቃል እንፍታ። ከፍታ የሚባለው አንድ ቦታ ከባሕር ወለል ምን ያህል ወደ ላይ እንደራቀ ሲለካ ነው። የሚለካው በሜትር ነው። አንድ ሜትር የአንድ ረጅም ሰው ሰፊ እርምጃ ያህል ነው። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጎሬ ደግሞ 2,080 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ትልቁን ቁጥር ከላይ፣ ትንሹን ከታች ጽፋችሁ ቀንሱ። 480 ይመጣል። አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ 40 ሜትር ቢሆን፣ 12 ባሕር ዛፍ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ማቆም ነው።

ሲወራ ቀላል ነው። መንገዱ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ እንደገና ይወጣል። የወረድነውን ሁሉ መልሰን ስለወጣን ጉልበታችን የቆጠረው ከ12 ባሕር ዛፍ በላይ ነው።

በመኪናው መንገድ ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ የሄድነው ግን አንዳንዴ በመኪናው መንገድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአቋራጭ ነው። አቋራጩን የሚያውቀው መሪያችን ነበር። መሪያችን ማንበብ ከሚማሩት ተማሪዎቻችን አንዱ ነው። በዕድሜ አባታችን ይሆናል። እኛ «ጋሼ» እንለዋለን፣ እሱ በትምህርት ሰዓት «መምህር» ይለናል። በዚያ ቀን ግን «መምህር» ማለቱን ተወውና «ልጆች» አለን። አስተማሪው እሱ ስለነበረ ትክክል ነው።

ከተማው ዳር የመንገድ ምልክት ቆሟል። ጋሼ ቆመና ጣቱን እያንቀሳቀሰ «ጎ… ሬ» ብሎ አነበበ። ቁጥሩንም አነበበ። ከዚያ ዞር ብሎ «ይህ የመኪና ቁጥር ነው። የእግር አይደለም» አለን። ለእግር የሚሆነውን ቁጥር ስንጠይቀው «ፀሐይ እዚያ ስትደርስ ትደርሳላችሁ» ብሎ ሰማዩን አሳየን። በእርግጥም ፀሐይ እዚያ ስትደርስ ልንደርስ ጥቂት ነበር የቀረን። ያዘገየን ምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

ወሩ መጋቢት ነበር። የተነሳነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎ፣ ትንሽ ማርና አንድ ጀሪካን የፈላ ውሃ ነበር። ውሃውን ያፈላነው ያለ ነገር አይደለም። የጫካ ምንጭ ንጹሕ ይመስላል። ግን ተጎንብሶ በቀጥታ ከምንጭ የሚጠጣ ሰው አልቅት ሊውጥ ይችላል። ከብት ውሃ ከጠጣ በኋላ ከአፍንጫው ደም ሲወርደው ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ከእኛ አንዱ የኳስ ተጫዋች ነው። ዳገቱ ሲጀምር እየዘለለ ቀደመን። ጋሼ ከኋላ እየተንፏቀቀ ነበር የሚሄደው። «ጋሼ፣ ደከመህ እንዴ?» ስንለው «አይ፣ ዳገቱን እያታለልኩት ነው» አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ኳስ ተጫዋቹ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ አገኘነው። ጋሼ ግን ትንፋሹም አልተለወጠም። የጋሼ ሕግ አንድ ነው፦ ዳገት ላይ ከጓደኛህ ጋር እያወራህ መሄድ የምትችለውን ያህል ብቻ ሂድ። ወሬው ከተቆረጠብህ ፈጥነሃል ማለት ነው። ይህንን ዛሬ ሯጮችን የሚያሠለጥኑ ሰዎችም ይናገሩታል። ጋሼ ከእነሱ አልሰማውም።

የቡና አበባ

በጫካው ውስጥ ስንገባ ሽታው ተቀበለን። ቡና አብቦ ነበር። በበጋ የደረቀ ቡና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ከጥቂት ቀን በኋላ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። አበባው ቶሎ ይረግፋል። እኛ የደረስነው በዚያች ቀን በመሆኑ ዕድለኞች ነን።

ቡናው ከዋንዛና ከቀረሮ ጥላ ስር ነው። ከስሩ ኮረሪማ፣ ግንዱ ላይ የሚጠመጠም ጥምዝ፣ ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ቀፎ። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ያዩን ነበር። ለእናንተ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሌላው ዓለም ግን ስለዚህ ጫካ ብዙ ያስባል። በዓለም ላይ በስፋት የሚጠጣው ዓረቢካ የሚባለው ቡና መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ጫካ ነው። ማንም ሳይተክለው በራሱ የበቀለ ቡና እስከ ዛሬ በዚህ አካባቢ አለ። ከመቱ በስተምሥራቅ ያለው የያዩ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ የሚባለው፣ ከሚመዘግባቸው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ተርታ ገብቷል።

ለምን? የጫካ ቡና በየዛፉ ይለያያል። አንዱ ፍሬው ትንሽ ነው፣ አንዱ ድርቅ ይችላል፣ አንዱ በሽታ አይነካውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ፍሬው ሳይበስል ይጠቁርና ይረግፋል። ብዙ ገበሬ ባዶ ጆንያ ታቅፎ ቀረ። ያን ጊዜ አዋቂዎች መድኃኒት ብቻ አልፈለጉም። በደቡብ ምዕራብ ጫካ እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ለቅመው ዘር ወሰዱ። ከዚያ የተባዛው ቡና በሽታውን ተቋቁሟል። እንግዲህ አንድ ሰው አሮጌ የጫካ ቡና ሲመነጥር የሚመነጥረው ምን እንደሆነ አያውቅም። ምናልባት ለሚቀጥለው በሽታ መድኃኒቱ እሱ ነበር። ጋሼ ይህን ስንነግረው ዝም አለና፣ ቆይቶ «የእኔ ጓሮ ጥግ ሦስት አሮጌ አለ። በበልግ ልነቅለው ነበር» አለ። ይንቀለው አይንቀለው አልነገረንም።

ከጫካው ወጥተን አንድ ወንዝ ተሻገርን። እዚያ ላይ ነው ስለ ውሃ የተከራከርነው። ከመካከላችን አንዷ «ይህ ውሃ የት ይሄዳል?» አለች። ጋሼ «ወደ ሶር» አለ። ሶርስ? ሶር ወደ ገባ ይገባል። ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል። ባሮ በጋምቤላ አልፎ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲቀላቀል ሶባት ይባላል። ሶባት በደቡብ ሱዳን ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ነጭ ዓባይ ካርቱም ይደርሳል። አሁን ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ አስቡ። ከበደሌ ወዲያ ያለው ዴዴሳ የሚገባው ወደ እኛው ዓባይ ነው። ዓባይም ካርቱም ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ዝናብ ዘንቦ ግማሹ ወደ ሶር፣ ግማሹ ወደ ዴዴሳ ቢወርድ፣ ሁለቱ የሚገናኙት ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ካርቱም ላይ ነው። ተለያይተው ወጥተው ባዕድ አገር እንደሚገናኙ ወንድማማቾች ማለት ነው።

ነጎድጓዱ

ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ከደቡብ ምዕራብ በኩል ደመና ተነሳ። በዚህ አገር ደመና ማለት ቀልድ አይደለም። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ከተሞች አንዷ ናት። በዓመት የሚዘንብባት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ ማለት የዓመቱ ዝናብ ሳይፈስና ሳይሰርግ ቢጠራቀም ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት በላይ ይሆናል።

ምክንያቱ ይኸው ዳገት ነው። እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ በቆላው ላይ ይመጣል። የኢሉባቦር ደጋ ሲገታው የሚሄድበት የለውም፤ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ይበርዳል። ሲበርድ የያዘውን እርጥበት መሸከም ያቅተዋል። ድስት ስትከድኑ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ እንደሚንጠባጠብ ነው። በየ100 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ከመቱ ጎሬ 3 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ጋምቤላ 526 ሜትር ላይ ስለሆነች ከጎሬ ጋር ወደ 9 ወይም 10 ዲግሪ ትለያያለች። ወባም በቆላው የሚበረታው ለዚህ ነው። የወባ ትንኝም፣ በሆዷ የምትይዘው የወባ ተሐዋስም ሙቀት ይፈልጋሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም።

መብረቁ በራ። ጮክ ብለን መቁጠር ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… 24 ስንል ነጎደ። ብርሃን ወዲያውኑ ይታያል፤ ድምፅ ግን ቀርፋፋ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። 24 ለ3 ሲካፈል 8 ነው። መብረቁ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ሁለተኛው 15 ላይ ነጎደ። 5 ኪሎ ሜትር ቀረው። እየመጣብን ነው። ቁጥሩ ከ30 በታች ሲሆን መብረቁ ሊያገኝህ ከሚችልበት ቦታ ደርሷል፤ መጠለያ መፈለግ ያን ጊዜ ነው።

እኛ የነበርነው ራስ ጋራ ላይ ነው። ግራ ቀኙ ሜዳ፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ብቻውን ቆሟል። ዝናቡ ሲጀምር ኳስ ተጫዋቹ ወደ ሾላው ሮጠ። ጋሼ በኦሮምኛ ጮኸበት። በአማርኛ ለመጮህ ጊዜ አልነበረውም። ልጁ ቋንቋውን በደንብ አይሰማም፤ ድምፁን ግን ሰማና ቆመ። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ መብረቅ ይጠራል። መብረቁ ዛፉን ሲመታ በሥሩ በኩል በመሬት ላይ ይሰራጫል። ከዛፉ ስር የተጠለሉ ከብቶች በአንድ ጊዜ ተዘርረው የሚገኙት ለዚህ ነው። የከብት የፊትና የኋላ እግር ይራራቃል። ኃይሉ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ መሐል ላይ ልብ አለ።

ጋሼ ከራስ ጋራው አውርዶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወሰደን። ተራርቀን፣ እግራችንን ገጥመን፣ ቁጢጥ ብለን ተቀመጥን። መሬት ላይ አልተኛንም። ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ በእግራችን መሐል ያልፋል። 6 ስንቆጥር ነጎደ። ቀጥሎ 3። ከዚያ መቁጠር አቆምን። ሾላው ከመታ አልመታም፤ ያን ቀን ምንም አልሆነም። ይህን የምንጽፈው ምንም ስላልሆነ ነገሩ ከንቱ ፍርሃት ነበር እንዳትሉ ነው። ጋሼ ከዓመታት በፊት እንዲያው ባለ ዛፍ ስር ሁለት በሬ አጥቷል።

መብረቁ ካለፈ በኋላ ዝናቡ አላቆመም። ነፋስ ጨመረበት። ከሴቶቹ ጓደኞቻችን አንዷ ስስ ጨርቅ ነበር የለበሰችው። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች። ሁላችንም እንንቀጠቀጥ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ቆይቶ ግን እግሯ እየተደናቀፈ ሄደ። ስሟን ስንጠራት ዘግይታ መለሰች፤ ቃሉም አፏ ውስጥ ተጣበቀ። «ልቀመጥ፣ እናንተ ሂዱ» አለች። ይህ ሲመጣ ነው መጠንቀቅ። ብርድ አጥንት ሲገባ ሰው ይፈዛል፣ መተኛት ያምረዋል። መንቀጥቀጡን ካቆመ «ተሻለው» አይባልም፤ ብሶበታል። ደጋ አገር ሰው በብርድ የሚሞተው በረዶ ሲወርድ ብቻ አይደለም። እርጥብ ልብስና ነፋስ ከተባበሩ ይበቃሉ።

ያን ጊዜ ክርክር ተነሳ። አንዱ «ጎሬ ቅርብ ነው፤ እንግፋ» አለ። ሌላው «ወደ ኋላ» አለ። ሦስተኛው «ሁለት ሰው ከሷ ጋር ይቅር፣ ሌላው ሄዶ እርዳታ ያምጣ» አለ። ጋሼ ሁሉንም አልሰማም። ጭስ ፈልጎ አየ። ከታች በስተግራ፣ ከእንሰት መሐል፣ የሳር ክዳን ላይ ጭስ ይወጣል። ልጅቷን በመሐል አድርገን ወረድን።

ባለቤቲቱ እናታችን የሚሆኑ ሴት ናቸው። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ ወንዶቹን ከቤት አስወጡ። እርጥቡን ልብስ ሁሉ አወለቁላት። በደረቅ ጋቢ ጠቀለሏትና ራሳቸው አቅፈዋት ተቀመጡ። እኛ «እማማ፣ እሳቱ አጠገብ ትቅረብ» ስንል «ቀስ ይበል፤ እሳት ላይ አይጣድም ሰው» አሉ። ወተት አሞቁና ማር ጨምረው በትንሽ በትንሹ አጠጧት። አንድ ጎረቤት «አረቄ ይሻላል» ብሎ ጠርሙስ ይዞ መጣ። እማማ ጠርሙሱን ለደረቁት ሰዎች አስተላለፉት እንጂ ለሷ አልሰጧትም። የጤና ባለሙያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ይጠራዋል። ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል። ግን የውስጡ ሙቀት በቆዳው እየወጣ ያልቃል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያልፍ «የእኔ ጫማ የት ነው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሰው ጫማውን መፈለግ ከጀመረ አገግሟል።

ተሸካሚዎቹ

ዝናቡ እስኪያባራ የእማማ ባል ወግ አወጉን። አያታቸው ቡና ተሸክመው ከጎሬ ጋምቤላ ይወርዱ ነበር። እኛ ስለዚህ በመጽሐፍ አንብበን ነበር። ከሰው አፍ ስንሰማው ግን ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል አደረጉ። በውሉ መሠረት በባሮ ዳር እንግሊዞች የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ። ጋምቤላ ያን ጊዜ ወደብ ሆነች። ባሕር በሌለበት እንዴት ወደብ ይኖራል? በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሠራ መርከብ ከካርቱም ተነስቶ በነጭ ዓባይ፣ በሶባት፣ በባሮ አድርጎ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ያ ከላይ የነገርናችሁ የውሃ መንገድ ማለት ነው፤ ውሃው ይወርድበታል፣ መርከቡ ይወጣበታል። ከኢሉባቦር ቡና ይጫናል፤ ከዚያ ጨውና ጨርቅ ይመጣል።

መርከቡ ግን ዳገት አይወጣም። ከጎሬ እስከ ጋምቤላ ያለውን የሸፈኑት በቅሎና የሰው ጫንቃ ናቸው። ከ2,080 ቀንሱ 526። ከ1,550 ሜትር በላይ ነው። በእኛ ባሕር ዛፍ 39 ያህል ይሆናል። ቡና ተሸክሞ ወርዶ፣ ጨው ተሸክሞ መውጣት። «አያቴ መውረዱ ይከፋል ይሉ ነበር» አሉን አባባ። «ጉልበት የሚያልቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ከቆላው ደግሞ ወባ ይዘው ይመለሳሉ።» የነጋዴዎቹና የገዢዎቹ ስም በመጽሐፍ ተጽፏል። የተሸካሚዎቹ ስም አልተጻፈም። እኛ ይህ ያናድደናል።

በዓለም ትልቁ ተራራ ኤቨረስት ይባላል። 8,849 ሜትር ነው። እዚያ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተው የተመለሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቀኑ ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. ነበር። አንዱ ኤድመንድ ሂላሪ የሚባል የኒውዚላንድ ንብ አርቢ ነው። ሁለተኛው ቴንዚንግ ኖርጌይ ነው። ቴንዚንግ ተራራ መውጣት የጀመረው የፈረንጆችን ጓዝ በመሸከም ነበር። አባባ ይህን ሲሰሙ «ተሸካሚ ነዋ!» አሉና ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። ደስ አላቸው። ንብ አርቢው ደግሞ ጋሼን ደስ አሰኘው።

ጎሬ

10 ሰዓት ላይ አባራ። ብርድ የመታት ጓደኛችን «እዚህ ልታሳድሩኝ ነው? አልቀርም» አለች። እማማ ጋቢያቸውን አልተቀበሏትም። «በገበያ ቀን ትመልሽዋለሽ» አሏት። የቀረው ዳገት አጭር ነበር፤ ጭቃው ግን አንድ እርምጃ ወጥተን ግማሽ እርምጃ ይመልሰናል። ጋሼ ለእያንዳንዳችን ዱላ ቆረጠልን። በጭቃ ላይ ሦስት እግር ከሁለት እግር ይሻላል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎሬ ገባን። ከዝናብ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በምዕራብ በኩል መሬቱ እየወረደ፣ እየሰማያዊ፣ ከሰማይ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ወዲያ በቡሬ በኩል መንገዱ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። እዚህ ቆሞ ሲያዩት ጎሬን ለምን እዚህ እንደቆረቆሯት ይገባል። ሁሉም ይታያል፤ ብርድ እንጂ ወባ አይበረታም።

ኢሉባቦርን ይገዙ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው ጎሬ ነበር። ገና ደጃዝማች ሳሉ በ1890 ዓ.ም. ጦር ይዘው ወደ ምዕራብ ወርደው፣ ሰዎቻቸው እስከ ነጭ ዓባይ ደርሰዋል። ጎሬ ለብዙ ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። በኋላ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ወረደ። የጎሬ ሰዎች ይህን ነገር ዛሬም ሲያወሩት ትናንት የሆነ ያስመስሉታል።

አንድ ጊዜ ግን ጎሬ ለመላ ኢትዮጵያ መቀመጫ ለመሆን ተቃርባ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ያልተያዘው የምዕራቡ አገር ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጎሬ መጡ። በዚያ መንግሥት ቆሞ እንዲቆይ ተሞከረ። ክረምቱ ረዳቸው፤ ይህ እኛን ያበሰበሰ ዝናብ የጠላትንም መኪና ጭቃ ውስጥ ያስቀር ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ ግን፣ በኅዳር 1929 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩም በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ወደ ጣሊያን ተወስደው ለዓመታት ታሰሩ።

በዚያ ከፍታ ቆመን ስለ ሌሎች ተራሮችም አወራን። በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ በቄለም ወለጋ፣ ቱሉ ወለል አለ። 3,301 ሜትር ነው። በሰሜን ተራሮች ያለው ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላ ግን ቶሎ አይበስልም፣ የሚፈላው ውሃ እንደ ቆላው አይግልምና። ኳስ ተጫዋቹ «በሚቀጥለው ዓመት ወለል!» አለ። ጋሼ «ወለል ላይ የጠፋ በሬ ካለህ እመጣለሁ» አለው።

ያን ዕለት ጎሬ አደርን። በማግስቱ መኪና ተሳፈርንና አንድ ቀን የፈጀብንን መንገድ በአጭር ጊዜ ጨርሰን መቱ ገባን። ጋሼ ከመኪናው ወርዶ ወደ ማሳው ሄደ። የእኛ ጉልበት ግን እስከ ረቡዕ ድረስ ቁልቁለት አልወርድም አለ። ጋቢው ታጥቦ፣ ከአንድ ኪሎ ስኳር ጋር፣ በገበያ ቀን ለእማማ ደርሷል።